ባሕር የሌላቸው ሰዎች ድርሻ

ጡረታ የወጣሁት ከዓሣ ነው። አምቦ ላይ ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። «የት ያለውን ዓሣ? ፍል ውሃው ውስጥ ነው?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሲያሰናብተኝ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ፤ ሰዓቱ ወዲያው ቆመ፣ ጋቢው ግን ይሞቃል። አሁን ጋቢዬን ለብሼ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ሳልፈልገው የሚመጣብኝን ነገር ልጽፈው ብዬ ተነሣሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ፈሪ ነኝ። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል፤ ውሃ ላይ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሲያልበኝ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግና የሚፈልግ ሰው ከአሁኑ ቢተወው ይሻለዋል።

ተወልጄ ያደግሁት እንጭኒ ነው። በልጅነቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ ሞልቶ በሬ የሚወስድ ወንዝ ነበር። ዓሣ ያጠናሁት ወድጄ አይደለም፣ ሌላው የትምህርት ክፍል ሞልቶ ነው። እንደጨረስኩ አሰብ ተመደብኩ። ሥራዬ ዓሣ አጥማጅ መርከቦችን መቆጣጠር ነበር፤ የት እንዳጠመዱ፣ ምን ያህል እንዳጠመዱ፣ የመረባቸው ዓይን ምን ያህል እንደሚሰፋ ማየት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ናኩዳ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ናኩዳ በዚያ አገር የጀልባ አዛዥ ማለት ነው። ናኩዳ ሁመድ ዓሣ ከመንካታቸው በፊት ሁልጊዜ እጃቸውን ባሕሩ ውስጥ ይነክሩ ነበር። ደረቅ እጅ የዓሣውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል፣ የተገፈፈ ዓሣ ቢለቀቅም ይታመማል ይላሉ። ሆዷ እንቁላል የያዘች ካገኙ ደግሞ ለማንም ሳያስረዱ ወደ ውሃው ይመልሷታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የተጠረጠረ መርከብ ላይ ሲወጡ የሚያደርጉት ነገር ነው።

አንድ ቀን በእኛ ውሃ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ የተገኘ የባዕድ መርከብ ላይ ወጣን። መርከበኞቹ ትልልቅ የዓሣ መንጠቆ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ የመርከቡን የዳር ብረት ጨብጫለሁ። ናኩዳ ሁመድ ወደ አዛዡ ቀርበው በእጃቸው ምልክት እያሳዩ የሚጠጣ ውሃ ጠየቁት። ሰውዬው ግራ ገባው። ከዚያ በብርጭቆ አመጣላቸው። ቀስ ብለው ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መለሱና ነው ዓሣው ወደሚቀመጥበት በረዶ ቤት የወረዱት። በኋላ ስጠይቃቸው «ውሃ ያጠጣህ ሰው ወዲያው አይመታህም። ትንሽ ይከብደዋል። ለእኛ ያቺ ትንሽ ትበቃናለች» አሉኝ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ሆነው የባሕርን ሕግ አስረዱኝ። ከባሕር ዳርቻ እስከ አሥራ ሁለት ማይል የአገሩ ግቢ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሁለት መቶ ማይል ድረስ ማለፍ ለሁሉም ነው፣ ዓሣው ግን የባለ ዳርቻው ነው። ቀይ ባሕር ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ያሉት አገሮች መሐሉ ላይ ይገናኛሉ። ከሁሉም ወዲያ ያለው ጥልቁ ወለል የሰው ልጅ ሁሉ ነው።

«ባሕር የሌለው አገርስ?» አልኳቸው።

«ለምሳሌ ማን?»

«ለምሳሌ ኡጋንዳ።» የራሴ አገር በአሳቤ አልመጣችም።

«ባለ ባሕሩ አጥምዶ የማይጨርሰው ካለ፣ የሚተርፈውን ባሕር የሌለው ጎረቤት በስምምነት ያጠምዳል። ሕጉ እንዲህ ይላል።»

«ደግ ሕግ ነው። የሚተርፈውን ማን ይለካዋል?»

«ባለ ባሕሩ ራሱ» አሉና ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከአሰብ በጭነት መኪና ላይ ወጣን። በረሃውን ስናቋርጥ ከጨርቅ ጭነት መሐል ተወሽቄ የምሰማው የተኩስ ድምፅ ይሁን የመኪናው ጎማ እስካሁን አላውቅም፤ ለሁሉም ራሴን ይዤ ነበር። ናኩዳ ሁመድ አገራቸው ነውና እዚያው ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ብዙም ሳይቆይ አገሬ ባሕር አልባ ሆነች። እኔም ባሕር የሌለው የባሕር ባለሙያ ሆኜ አምቦ ግብርና ቢሮ ሪፖርት አደረግሁ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ማስረጃዬን አይቶ «አቶ ታደሰ፣ በሬ አታውቅም?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ዶሮስ?» ዶሮ መብላት እንደማውቅ ነገርኩት። ዶሮ ክትባት ላይ መደበኝ። ደመወዙ እንደ ዶሮዋ እህል ነበር፤ ተለቃቅሞ ያልቃል። ብዙ ዓመት ዶሮ ስወጋ ኖርኩ። በኋላ አዲስ አለቃ መጥቶ፣ ሐይቆች ውስጥ ዓሣ ይራባ የሚል መመሪያ ሲወርድ፣ አንድ ሰው «ያ የአሰቡ ሰውዬ አለ አይደል?» አለና ወደ ጌዶ ተዛወርኩ።

ሐይቁ ከጌዶ መኪና መንገድ ተገንጥሎ በእግር የሚወረድበት፣ ተራራ ዙሪያውን የከበበው ነው። ስሙን አልጠራውም፤ የሚሻሙበት ሰው አሁንም ሞልቷል። ዳርቻው ላይ ሜጢ የሚባል መንደር አለ። ከላይ ተራራው ጫንቃ ላይ ቱሉ ጎራ አለ። ሁለቱ ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ ለቅሶ አብረው ተቀምጠው የኖሩ ናቸው። ዱሮ ቱሉ ጎራም እስከ ውሃው የምትደርስ ቁራጭ ዳርቻ ነበረችው። የቀበሌ ወሰን ሲከለል ያቺ ዳርቻ ወደ ሜጢ ተጠቃለለች። ያኔ ማንም ትንፍሽ አላለም። ምን ነበረውና! አልቅት የሞላበት ረግረግ ነው፤ የጠጣ ከብት ደም ያስመልሰዋል።

ሥራ ስሄድ የማድረው ቱሉ ጎራ፣ አደ ጫልቱ ቤት ነበር። አደ የሚሉት በኦሮምኛ ወይዘሮ ለማለት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ቃሏ አጭር፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ ሴት ናት። ለሚ የሚባል ልጅ አላት፤ ሚስት አግብቶ ከጎኗ ጎጆ ወጥቷል፣ ግን አንድ ለእናቱ ነው። አደ ጫልቱ እሱ ሐይቅ በወረደ ቁጥር እስኪመለስ ከደጅ አትገባም።

የመጀመሪያውን የዓሣ ጫጩት ያመጣሁት ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ነው። ላስቲኩን ሐይቁ እንደደረሱ አይፈቱትም። እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፍፎ፣ የውስጡና የውጭው ሙቀት እስኪቀራረብ መጠበቅ ነው። ከዚያ የሐይቁን ውሃ በጭልፋ እየጨመሩ ማለማመድ፣ በመጨረሻ አፉን ከፍቶ ራሳቸው እንዲወጡ መተው። የቸኮለ ሰው የገደላቸውን ዓሦች የሚያየው በማግስቱ ተንሳፍፈው ነው። የሜጢ ሽማግሌ አንዷን አጎንብሰው አዩና «ኩን ቦፈ ሚቲ?» አሉ፤ ይህ እባብ አይደለም ወይ ማለታቸው ነው። እባብ ለመባል የሚያንስ ነገር ነበር።

ዓሣው፣ ቆሮሶ የሚባለው፣ ተራባ። የሚበላው ግን አልነበረም። ለሚ ብቻ መረብ መጣል ከእኔ ተማረና እያጠበሰ ሲበላ የሰፈሩ ሰው ከሩቅ ይስቅበት ነበር። ነገሩ የተለወጠው አምቦ ያሉ ሆቴሎች በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊ ሲሆኑ ነው። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፣ ዓሣው ግን ያልቃል። የሜጢ ሴቶች በቅጠል ጠቅልለው በሚኒባስ እየጫኑ መሸጥ ጀመሩ። የሜጢ ሰዎች ማኅበር መሥርተው ኦቦ ዲንቃ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ፕሮቴስታንት፣ ጠንካራ ሰው ሊቀመንበር አድርገው መረጡ፤ ኦቦ የሚሉት አቶ ለማለት ነው። ኦቦ ዲንቃም የቱሉ ጎራ ሰው ዳርቻው ላይ መረብ እንዳይጥል ከለከለ። ትናንት እባብ የተባለው ዓሣ ዛሬ ባለቤት አገኘ።

ቱሉ ጎራዎች ደግሞ «ሐይቁ የአባቶቻችንም ነው፣ ውሃው የሚወርደው ከእኛ ተራራ ነው» አሉ። ድንጋይ መወራወር ተጀመረ። አንድ ቀን የለሚ ታንኳ ተሰብራ ተገኘች። አደ ጫልቱ የዚያን ሰሞን እራት እያቀረበችልኝ «አንተ ነህ ያመጣኸው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ልጄን እንዳታስበላብኝ» አለችኝ።

ወረዳው አስታርቅ ብሎ ላከኝ። ሁለቱ መንደሮች ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እኔም ፈርቼ፣ ግን ትንሽ ኩራትም ይዞኝ፣ የባሕርን ሕግ አወራሁላቸው። ታላላቅ መንግሥታት የተስማሙበት መሆኑን፣ ዳርቻ የሌለው ጎረቤት ባለ ዳርቻው አጥምዶ ከማይጨርሰው ላይ እንደሚካፈል ነገርኳቸው። በጣም ወደዱት። የቱሉ ጎራ ሽማግሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ዲንቃ እጁን አወጣና «እኛ ከጨረስነውስ?» አለኝ።

«ከጨረሳችሁትማ የሚተርፍ የለም» አልኩት፤ «ግን አትጨርሱትም። ዓሣው ብዙ ነው። እስከሚቀጥለው ዓመት እለካዋለሁ፤ የሚተርፈው ያኔ ይታወቃል።»

ኦቦ ዲንቃ እሺ አለ። ሁሉም እሺ አለ። ተጨባብጠው ሲለያዩ እኔ በደስታ መንገዱን ስቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ጌዶ ሆኜ የከብት ቆጠራ ላይ ተይዤ ሳላየው ቆየሁ። ስወርድ ሜጢ ዳርቻው በሙሉ መረብ ነው። የመረቡ ዓይን ጣት አያስገባም። ሴት፣ ወንድ፣ ሽማግሌ ሳይቀር ያጠምዳል። አንዱን ጠየቅሁት። «አንተ ነህ ያልከው፤ ከጨረስነው የሚተርፍ የለም። ከተረፈ ለቱሉ ጎራ ነው» አለኝ፣ ያስተማርኩትን ትምህርት በደንብ እንደያዘ ተማሪ። ከመረቡ አንዷን ቆሮሶ አወጣኋት። እጄን ውሃ ነክሬ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው! የቆሮሶ እናት ልጆቿን በአፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። ከፍ ሳደርጋት አፏን ከፈተችና ጫጩቶቿ እጄ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ ጭቃው ላይ ረገፉ።

ናኩዳ ሁመድ ፊታቸውን ወደ ውሃው የመለሱት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለኪው እኔ ብሆንም፣ ትርፍ እንዲኖርም እንዳይኖርም የሚያደርገው ባለ ዳርቻው ነው። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ለወረዳ አመለከትኩ። «ራስህ አይደለህ እንዴ ያስማማኸው?» አሉኝ። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ሽንፈት ይኸው ነው፤ ዓሣውን እንዲካፈሉት ያወራሁት ሕግ ዓሣውን ማጥፊያ ሆነ።

አንድ ጠዋት ጌዶ ቢሮ ገና እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። አደ ጫልቱ ናት። «ለሚን ያዙት። ማሎ፣ ማሎ ድረስልኝ» አለችና ተዘጋ። ማሎ የሚባለው ሰው እግር ላይ ወድቆ ሲለምን ነው። ለሚ በጉም ተሸፍኖ ሜጢ ዳርቻ መረብ ሲጥል ተይዟል ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር። ወደ ቢሮው ሞተር ብስክሌት ስሄድ አልነሣ ቢለኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ብዙ ጊዜ አይነሣም። ያን ቀን በመጀመሪያው ምት ተነሣ። መንገዱ እስከሚያልቅ ነዳሁ፤ ከዚያ በእግሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጉሙ ገና አልተገለጠም። ከላይ በኩል የብዙ ሰው እግር ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማኛል፤ ቱሉ ጎራዎች ጦር ይዘው እየወረዱ ነው። ከታች የሜጢዎች ጩኸት ይሰማል። መሐል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ሜጢዎች ለሚን ዓሣ የሚታረድበት ዳስ ውስጥ በመረብ ገመድ እጁን አስረው አስቀምጠውታል። ግንባሩ ደም ነው። ወንዶቹ ዱላና ዓሣ የሚያርዱበት ቢላ ይዘዋል። ኦቦ ዲንቃ በሩ ላይ ቆሟል። ከፊቱ አደ ጫልቱ ተንበርክካለች፤ ከመሬት የነቀለችውን እርጥብ ሣር በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች። በዚያ አገር ሣር ይዞ የሚለምንን ሰው ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ማንም አላለፋትም፣ ግን ማንም አልሰማትም።

ምን እንደምል አላውቅም። ከአፌ የወጣው «ኦቦ ዲንቃ፣ ውሃ አጠጣኝ» የሚል ነው።

አፍጥጦ አየኝ። «አሁን?»

«አሁን። ጉሮሮዬ ደርቋል።»

አንዲት ልጅ በጆግ አመጣች። ተቻኩዬ ስጠጣ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። አንድ ሰው ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ ያስደሰተኝ የለም። በዚያች ክፍተት «ምን ሰረቀ?» አልኩት።

«ዓሣችንን።»

«ስንቱን? መረባችሁን አውጡና የጎደለውን እንየው። ከዚያ በሽማግሌ ካሣ ይከፍላል። ቱሉ ጎራዎችም ይዩ።»

ቱሉ ጎራዎች ደርሰው ከዳገቱ ሥር ቆመው ነበር። ኦቦ ዲንቃ አሰበና ሰዎቹን ወደ ታንኳዎቹ ላካቸው። ጉሙ ውስጥ ገቡ። የመቅዘፊያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ የማየው የለሚን እጅ ነው፤ ገመዱ የያዘው ቦታ ጠቁሯል። ተመለሱ። የመጀመሪያው መረብ ሣርና ጭቃ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሌላውን አወጡ፤ የጣት ቁመት የምታህል አንዲት ዓሣ ተሰቅላበታለች። መረብ በመረብ ላይ እየተከመረ ሄደ። ቱሉ ጎራዎች ጦራቸውን እንደያዙ ቀስ በቀስ ቀርበው ቁልሉን ከበቡት። ሁለቱ መንደር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ባዶውን መረብ አየ።

ኦቦ ዲንቃ ያቺን አንዲት ዓሣ ከመረቡ አላቀቃት። ወዴት እንደሚያደርጋት የጠፋው ይመስል ይዟት ቆየ። ከዚያ ወደ ዳሱ ገብቶ የለሚን ገመድ ራሱ ፈታ። «ሂድ» አለው። ወንዶቹ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አንድ ሁለት ሰው አፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

አደ ጫልቱ ልጇን አቅፋ ስታበቃ ወደ እኔ መጣች። የተቆጣችኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። «ገለተ ዋቃ» አለች፤ ምስጋና ለፈጣሪ። «ዓሣው አለቀልኝ። ጥቂት እንኳ ቢቀር ኖሮ ልጄን ይገድሉት ነበር።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ሬዲዮ ላይ መንግሥታት ስለ ባሕር ወለል፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ድንበር ሲነጋገሩ በሰማሁ ቁጥር የእሷ ድምፅ ይቀድመኛል። ሰላም ያገኘነው የምንጣላበት ነገር ስላለቀ ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ቢሮው ሐይቁ እንደገና ጫጩት እንዲገባበት አዘዘ። ላስቲኮቹን ይዤ ወረድኩ። ሁለቱም መንደሮች ዳርቻው ላይ እየሳቁ ጠበቁኝ፤ ሳቃቸው አስፈራኝ። አደ ጫልቱ ብቻ አትስቅም። «ማሎ፣ አታስገባው» አለችኝ። ጫጩቶቹ ላስቲክ ውስጥ እየተራወጡ ነው፤ ኦክስጅኑ አይጠብቅም። መመለስም ገድሎ መጣል ነው።

ላስቲኩን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፈፍኩና «ሳትካፈሉ አልፈታውም» አልኳቸው። ምኑን ነው የምንካፈለው አሉ። የሌለውን አልኳቸው። ዳርቻ ያለውም የሌለውም እኩል መረብ፣ የመረቡም ዓይን አንድ ዓይነት። ዓሣው በሚራባበት ወራት ማንም እንዳይጥል። የተያዘውን ሁለቱም መንደር አብሮ እንዲለካ። ሽማግሎች ተጯጯሁ፣ ተማከሩ፣ ጫጩቶቹን አዩ፣ እንደገና ተጯጯሁ። በመጨረሻ ኦቦ ዲንቃና የቱሉ ጎራው ሽማግሌ ሣር ነቅለው መረቁ። ባዶ ሐይቅ ላይ መስማማት ቀላል ነው። ላስቲኩን ፈታሁ። አደ ጫልቱ አልመረቀችም፤ የለሚን ኮት ከኋላ ጨብጣ ቆማ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከዚያ በኩል ስልክ ሲደወል ያለቀው ሰው ነው ወይስ ዓሣ ብዬ ሳልሰጋ አንስቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ለሚ ደወለ። «ኦቦ ታደሰ፣ አከም ጅርተ? ደኅና ነህ ወይ? ዓሣው ደርሷል! ክንድ ያህላል። ጾሙ ሲገባ መረብ መጣል ይፈቀዳል። ሁለቱም መንደር እየተዘጋጀ ነው።»

«እናትህስ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ትናንት መረቤን አቃጠለችው» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው መረብ እንዲይዝ ስለምን የኖርኩ የዓሣ ባለሙያ ነኝ። ሌላ መረብ እልክልሃለሁ ማለት ነበረብኝ። ስልኩን ዘግቼ ጋቢዬን ተከናነብኩና እፎይ አልኩ።